ያ አንድ ሰው

ሱቋ ለመንገድ ሥራ ከፈረሰ ወዲህ የሕፃናት ሹራብ የምትሸጠው በቴሌግራም ነው፤ መሸጥ ከተባለ። ቻናሉን ስልኳ ላይ የከፈተችላት የእህቷ ልጅ፣ "በየቀኑ ፎቶ ልቀቂ፤ ሰው ቀስ በቀስ ይመጣል" ብላት ሄደች።

ሦስት ወር ሙሉ ለቀቀች። ከየፎቶው ሥር የተመልካች ቁጥር አንድ ይላል። ሹራብ ስትሠራ ጣቷ እየዛለም ቢሆን ለዚያ ለአንድ ሰው ስትል የክር ቀለም ትቀያይራለች። ለበዓል "እንኳን አደረሰህ" ብላ ጻፈችለት።

ዛሬ ልጅቷ መጥታ ስልኩን አየችና ሳቀች።

"እስካሁን ማንም አልገባም እንዴ? አክስቴ፣ ይሄ አንድ እኮ አንቺው ነሽ። የለቀቀው ሰው ራሱ ይቆጠራል።"

አክስቷ የሹራብ መርፌዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"አሞኝ ሳልለቅ የቀረሁ ጊዜ ይቅርታ ጠይቄው ነበር" አለች። "አይቶ ዝም ሲለኝ፣ የተረዳኝ መስሎኝ ነበር።"