ትሕትናው ያልበቃ ደብዳቤ

የልጅ ልጄ ሰናይት ሳሎናችን ውስጥ ቁጭ ብላ ለቢሮ ትሠራለች። ዘንድሮ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ትሕትናው ካልበቃ ኮምፒውተሩ፣ ማሽኑ፣ አይልከውም፤ ሳይፈቀድለት ከወንበሩ የተነሣም ሥራውን ያጣል። እኔም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ደብዳቤ መጻፍ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን አይገባኝም።

ትናንት ልጇ ቢታንያ የፈላ ሻይ በገዛ ክንዷ ላይ ደፋች። እኔ ክንዷን ቧንቧ ሥር ይዤ ስጮኽ ሰናይት ትጽፋለች።

«ልጄ ተቃጥላብኛለች፤ ክሊኒክ ልውሰዳት» ብላ ጻፈች። ማሽኑ መለሰባት። «እባክዎን» ጨመረችበት። አሁንም መለሰባት።

«ምን ጎደለው ነው የሚለው?» አልኳት።

«ያጣድፋል ነው የሚለኝ፣ እማማ።»

«ልጅ ተቃጥላ ሊዘፈን ኖሯል? ተነሺ እንጂ!»

«ብነሣ ነገ በምን ላሳድጋት?» መጻፏን ቀጠለች። «ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በሚመችዎ ሰዓት...»

ሕፃኗ «እማዬ!» እያለች ታለቅሳለች። እናቷ ዞር ብላ አላየቻትም፤ ብታያት ቃላቱ ይጠፉባታል።

ልጅቷን አቅፌ ብቻዬን ወደ ክሊኒክ ወጣሁ።

ክንዷን በፋሻ አሳስሬ ስመለስ ሰናይት እዚያው ወንበር ላይ ናት። መልሱን አነበበችልኝ። «ስለ መልካም አጻጻፍዎ ከልብ እናመሰግናለን። ጥያቄዎ ነገ ጠዋት ይታያል።»

ከዚያ እጆቿን ለልጇ ዘረጋች። ቢታንያ ግን አንገቴን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ፊቷን አዞረችባት።