አንድ ለእናቱ

“ትንሽ አሳርሪልኝ፣ አለዚያ ባሌ አያምነኝም” ብላኝ የሄደችውን የልብስ ሰፊዋን ድስት ከእሳቱ ላይ ሳላወርድ፣ ሌላ ድስት በመስኮቱ ይገባል።

በበዓል ዋዜማ ሥራዬ ይኼ ነው። ሴቶቹ የየቤታቸውን ድስት ያመጡልኛል፣ እኔ የቤት ምግብ አድርጌ እመልስላቸዋለሁ። ሥጋውን ጠዋት በአንድ ትልቅ ብረት ድስት ቀቅዬ ጨርሻለሁ። ቲማቲሙ የቆርቆሮ ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱም ተልጦ የተሸጠልኝ ነው። የቀረኝ በየሰዉ ድስት ውስጥ የየሰዉን እጅ መምሰል ብቻ ነው። የልብስ ሰፊዋ እጅ ያሳርራል፣ የመምህርቷ ጨው ይረሳል። የሰፈሩን ጓዳ ሁሉ አውቃለሁ፤ አላወራም።

“እትዬ፣ ለአራት ሰው ይሁንልኝ፣ በድንች” ትላለች መስኮቱ ላይ የቆመችው ልጅ። ቀለበቷን ገና ስላልለመደችው ደጋግማ ታዞረዋለች። በልቤ ሙሽሪት እላታለሁ።

ድስቱን ተቀብዬ ሳዞረው አንደኛው ጆሮው በሽቦ ተጠምጥሟል። የጠመጠመው አባቴ ነው። እንዳይወጋን ብሎ የሽቦውን ጫፍ ወደ ውስጥ ሲያጥፈው፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ፒንሳውን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

“ግቢ፣ ውስጥ ሆነሽ ጠብቂ” እላታለሁ። ደንበኛ አስገብቼ አላውቅም።

በርጩማው ላይ ተቀምጣ ወሬዋን ትቀጥላለች። “አማቴ ዘንድሮ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገራቸው፣ አንቺ ሥሪው አሉኝ። እኔ ደግሞ እንቁላል እንኳን በቅጡ አልጠብስም። ባለቤቴ ከእናቱ እጅ ሌላ አይጥመውም። ምን ይደረግ፣ አንድ ለእናቱ ነው!” ብላ ትስቃለች።

አንድ ለእናቱ። እኔ ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ወንድሜ ለእናቴ እንዲህ ሆኖላታል። ያገባሁትን ሰው ጠልቶ “እሷ እዚህ ቤት ከገባች እኔ እወጣለሁ” ያለ ጊዜ፣ እናቴ እዚሁ ድስት ላይ አጎንብሳ ዝም አለች። ሰውየውም ቆይቶ ጥሎኝ ሄደ። የወንድሜን ስድብ ረስቼዋለሁ፤ አንጀቴን ያሳረረው የእናቴ ዝምታ ነው። ይቺ ልጅ እትዬ ስትለኝ፣ ሳታውቀው ልክ ነች።

እንደማንም ደንበኛ እሠራላታለሁ። ሽንኩርት፣ የቆርቆሮ ቲማቲም፣ ሥጋ፣ ድንች። አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ ምን እንደሚጎድለውም አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ አንድ የበዓል ቀን፣ እንግዳ በር ላይ ደርሶ መረቁ ኮምጥጦባት፣ እናቴ ከመደርደሪያው የሱቅ ማርማላታ አውርዳ አንድ ማንኪያ ጨመረችበት። እንግዶቹ እጅ ያስቆረጥማል አሉ። ከዚያ ወዲህ ሳትጨምር ቀርታ አታውቅም። “ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ” አለችኝ፤ ትንፍሽ አላልኩም። ወንድሜ እስከ ዛሬ የእናቴ እጅ የሚመስለው ማርማላታ ነው።

አሁን አንድ ማንኪያ ብጨምርበት፣ እናቴ ገና አፏ ሲገባ ታውቀኛለች። የማን እጅ ነው ብላ ትጠይቃለች። ወይም አውቃኝ እንደለመደችው ዝም ትላለች። ይኼኛውን ፈራሁት። ማርማላታም የለኝም፣ ሱቁ ግን ማዶ ነው። አልሄድም።

“በቃ፣ ደርሷል።”

ሙሽሪት ትቀምሳለች። “ይጣፍጣል!” ትላለች። መጣፈጡንስ ለሁሉም ይጣፍጣል።

ልከድነው ስል አንድ ነገር ትዝ ይላትና ከቦርሳዋ ጠርሙስ ታወጣለች። “ይኼን እርስዎ ይውሰዱት፣ ለዳቦ ይሆንዎታል። አማቴን መቼም! አዲሱን ድስቴን በዘንቢል ደብቄ፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብያቸው ልወጣ ስል፣ የራሳቸውን አምጥተው አሸከሙኝ። ለገበያ ድስት! መንገድ ላይ ከፍቼ ባየው ውስጡ ይኼ። እርጅና ነው፣ ያስቀመጡበትን ይረሳሉ።”

የማርማላታ ጠርሙስ ነው። ገና አልተከፈተም።

እናቴ ታውቃለች። መስኮቴን ታውቀዋለች፣ ይቺ ልጅ ወዴት እንደምትሄድም ታውቃለች። ከመቼ ጀምሮ? እያወቀች አንድ ቀን እንኳን ብቅ ማለት አቃታት? የፈለገችው እጄን ነው፤ ነይ አላለችኝም።

“ቆይ” እላለሁ። ክዳኑ እምቢ ይለኛል፤ በቀሚሴ ጫፍ ይዤ እከፍተዋለሁ። አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨምሬ አማስላለሁ።

“ማርማላታ? እዚህ ላይ?” ሙሽሪት ዓይኗ ይፈጣል።

“ቅመሺው።”

ትቀምሳለች፤ ደግማም ትጨልፋለች። “እትዬ፣ ይኼ እኮ ቁርጥ የሳቸው ነው!”

“ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።”

“ማን ሠራው ብለው ቢጠይቁኝስ?”

“አይጠይቁሽም።”

ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ ስታነሳው፣ “በሽቦው በኩል እንዳትይዢው፣ ያቃጥላል” የሚል ነገር ሳላስበው ያመልጠኛል።

“አማቴም ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የሚሉኝ” ብላ እየሳቀች ትወጣለች።

በሩን ዘግቼ እሷ የተነሳችበት በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ምድጃው ዙሪያ የሰው ድስት ተደርድሯል። ነገ በየቤቱ የኔ እጅ ይበላል፤ እኔ ቤት የሚቀርብ ድስት የለም። ማንኪያውን እንደገና ጠርሙሱ ውስጥ እከታለሁ።

“ቤቶች! ሰው የለም እንዴ?” ይላል አንድ ድምፅ በመስኮቱ።

አፌ ማርማላታ ሞልቷል፤ አልመልስም።