ከጭኑ የተወሰደው

ነጩን የበረዶ ሳጥን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ፣ ከቅቤ ጀሪካኖች መሃል ያየችው መኪናው ከነገሌ መናኸሪያ ወጥቶ ሲታጠፍ ነው። ከሾፌሩ ወንበር ሥር እንዲቀመጥ አደራ ብላ ነበር። በውስጡ ከልጇ ጭን የተወሰደ ቁራጭ ጡንቻ አለ፤ አዲስ አበባ ያሉ ተመራማሪዎች ስቴም ሴል የሚባሉትን ከውስጡ አውጥተው አዲስ ጡንቻ ሊያሳድጉ፣ በእሱም ላይ ጡንቻውን ለሚያመነምነው በሽታ መድኃኒት ሊሞክሩ ነበር። ረዳቱ ስልኩን ያነሳው ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነው። «ማዘር፣ ቅቤ መስሎኝ ነው፤ ቅቤ እኮ ከላይ ነው የሚጫነው» አላት።

አመሻሹ ላይ ከላቦራቶሪው ተደወለ። በረዶው ቀልጧል፤ ሴሎቹ ሞተዋል። እንደገና ይወሰድ እንዳትል፣ ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ከልጇ የሚወሰድ ደህና ጡንቻ እንደሌለ ነግሯታል።

«ደረሰ?» አለ ልጇ እንዳሻው ከአልጋው።

«ደርሷል፣ ልጄ።»

«ሥጋዬ አዲስ አበባን ከእኔ ቀድሞ አየ በይኛ!» ብሎ ሳቀ። «ሲያድግ ይደውላሉ?»

«ይደውላሉ።»

ግድግዳውን ይዞ ተነሣና በሩ ጋ ደረሰ። ማታ ማታ መዝጋት የእሱ ሥራ ነው። መቀርቀሪያውን በሁለት እጁ ገፋው፤ አልነቃነቅ አለው። እሷም ከኋላው መጥታ እጇን በእጁ ላይ አድርጋ ገፋችው።

«ዘጋሁት» አለ።