ቀይ ክር

«ለመሆኑ ማኅበሩ ለእኔ ምን ፈይዶልኛል?» አሉ አንጋፋው ጠበቃ፣ የመዋጮውን ቅጽ ሳያነቡ ወደ ጠበቆች ማኅበሩ ጸሐፊ መልሰው እየገፉ።

ከጠበቃ ጋር ተከራክሮ ማን አተረፈ! ጸሐፊዋ ተነሳችና ማኅበሩ መግዣ ላጠራቸው ጀማሪ ጠበቆች የሚያውሰውን ጥቁር ካባ ከቁም ሣጥኑ አወጣች። እጅጌው ነትቧል። «መዋጮው ለእንዲህ ያለው ነው፣ ጋሼ» አለችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ወዲያው ሁልጊዜ ሲገርማት የኖረው ነገር ከአፏ አመለጣት። «ይቺን ቁልፍ ግን ማን ይሆን በቀይ ክር የሰፋት?»

ጠበቃው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ቁልፏን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሷት።

«እናቴ ናት» አሉ። «ጥቁር ክር ቤት ውስጥ አልነበረም።»

ከካባው ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ በሌላው እጃቸው ቅጹን ይፈልጉ ጀመር።

«ነገ ማነው የሚለብሰው?»