ቆማ ዘይት የምትጠጣው ሞተር ሳይክል

"በጎን መቆሚያው አጋድመሽ የለካሽው ዘይት ውሸት ነው፣ ልጄ።"

"ዘይቱን ተወውና፣ አባዬ፣ ሞተሩ ለምን ሞቀ?"

ልጅቷ መዳፏን ከብረቱ ላይ አላነሳችም። ማለዳ ነው። ግቢው ገና ጥላ ነው፤ ሞተሩ ግን ሻይ እንደተቀዳበት ብርጭቆ ይሞቃል።

አባትየው መልስ አላጣም። ዘይት በቀዝቃዛ ሞተር አይለካም፤ ጥቂት አስነስቶ፣ አጥፍቶ፣ ወደ ታች እስኪወርድ መታገስ ነው። ያሞቀው ለዚሁ መሆኑን ነገራት።

ዕድሜውን ሙሉ በዚህች ሞተር ሳይክል እሽግ ሲያደርስ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው ሐኪም መንዳት ከለከለው። ልጅቷም ቁርጡን ተናገረች፦ ሞተር ሳይክሏ አንድ ቀን ተነድታ ከተገኘች ትሸጣለች። ገዢው ተዘጋጅቷል። አባትየው እንደማይነዳ ማለ።

ልጅቷ ዛሬ የመጣችው ሳትናገር ነው።

"እሺ፣ እንደ ወጉ እንለካው" አለች።

ረጅሙ አባትየው ጎንበስ ብሎ መሪውን ያዘና በሁለቱ ጎማዎች ቀጥ አድርጎ አቆማት። ከዚያ ትእዛዝ አወረደ። ክዳኑን ፍቺ፤ የዘይት መለኪያ ዘንጉን በጨርቅ ጥረጊ፤ መልሰሽ ክተቺው፣ ግን እንዳታጠብቂው፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ። አሁን አውጪው።

"የት ደረሰ? ለእኔ መስመሩ ቀርቶ ዘንጉም አይታየኝ።"

"ታችኛው መስመር ላይ ነው።"

"ማክሰኞ መሃል ላይ ነበር። አርጅታለች፤ ዘይት ትጠጣለች።"

"ቆማ ነው የምትጠጣው?"

አባትየው ሞተር ሳይክሏን በጎን መቆሚያዋ መልሶ አጋደማት።

ልጅቷ አለቀቀችውም። መስታወቶቹን ማን ወደ ታች እንዳዘነበላቸው ጠየቀችው። ድመቷ ትወጣባቸዋለች አላት። ድመቷ መንጃ ፈቃድ እንዳላት ጠየቀችው።

እናትየው በእግሯ ጣቶች ቆማ በኩሽናው መስኮት ስታያቸው ቆይታ፣ ዳቦ በሳህን ይዛ ወጣች። ከድልድዩ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት የመጣ ነው፤ ገና ይተናል። ልጅቷ አንዱን አንስታ እየገመጠች ገዢው ዛሬውኑ እንደሚጠራ አስታወቀች።

እናትየው ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ሽበትህ እንኳን አያሳፍርህም?"

ከዚያ ለልጇ እጇን ዘረጋች።

"መሸጡ ይቆይ። ቁልፉን ለእኔ ስጪኝ። ከእኔ እጅ ሲወስደው አያለሁ።"

ልጅቷ አሰበች። እናቷ የስኳሩን ጣሳ እንኳን ከእሱ የምትደብቅ ሴት ናት። ከዚህ የተሻለ መቆለፊያ የትም አይገኝም። ቁልፉን ነቅላ ሰጠቻት።

አባትየው አንገቱን ደፋ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷ አንጀቷን በላት፤ ጉንጩን ስማው፣ ለዓይኑ ብላ እንደሆነ ነግራው፣ ሁለተኛ ዳቦ ይዛ ሄደች።

ልጅቷ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከመታጠፊያው ሲሰወር አባትየው ሞተር ሳይክሏን ቀጥ አድርጎ ያዘ፤ እናትየው ዘይቱን እስከ ላይኛው መስመር ሞላች፣ ሄልሜቷን አጠለቀች፣ አስነስታ ወጣች፤ እሱም የግቢውን በር ከኋላዋ ዘጋ።