የእህቱ ግማሽ ሊትር

ኩላሊቷ ውሃ ማስወጣት ካቆመ ወዲህ፣ እህቱ ለቀኑ የተፈቀደላትን ግማሽ ሊትር ውሃ ጠዋት ጠዋት በጠርሙስ ለክታ ትይዝ ነበር። ከዚያ ካለፈች እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የዚያን ቀን ቧንቧው እስከ ማታ ስለተቋረጠ፣ ቤት ውስጥ የቀረው ውሃ ጠርሙሷ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ወንድሟ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ "የኔ ኩላሊት አይሆንሽም አሉኝ" አላት። "ይሆናል" የሚለው የሐኪም ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበር።

ላብ አጠመቀው፤ ምላሱ ትናጋው ላይ ተጣበቀ።

"ታዲያ ያንተ ጥፋት ነው እንዴ፣ ወንድምዬ? ፊትህ እኮ አመድ መሰለ! እንካ፣ በሞቴ ጠጣ!" ብላ ጠርሙሷን አስጨበጠችው።

እውነቱን ከመናገር መጠጣቱ ቀለለውና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠው። እህቱ ባዶውን ጠርሙስ ተቀብላ ክዳኑን መለሰችና የተሰነጠቀ ከንፈሯን በምላሷ ላሰች። ገና ረፋድ ነበር።