ተርን ዳውን በመካኒሳ አቦ

ይቺን ታሪክ ዋሽቼ ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው! መካኒሳ አቦ፣ ጋሽ ደምሰው ቤት ነው የሆነው። ሦስት ሽማግሌዎች የጋሽ ደምሰውን ልጅ ጸደንያን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሳሎኑ መሃል ቆመው ነበር። በዚህ ቀን አግቢው እዚያ ሰፈር ድርሽ አይልም። አግቢው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሚሳኤል ግን «እነዚህ ኋላ ቀሮች ያበላሹብኛል» ብሎ አብሯቸው መጣና፣ እነሱ እንደቆሙ እሱ ሶፋው ላይ ተዘረፈጠ።

ጋሽ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ ከዘመድ እንማከርበት፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አሉ። የሽማግሌዎቹ ፊት በራ፤ እንዲህ የሚባለው ሊሰጥ ሲታሰብ ነዋ! ሚሳኤል ግን እምቢ የተባለ መስሎት ብድግ አለ፤ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሁሉ ጣቱን ቀስሮ አየሩን ይቧጥጥ ጀመር። «ይሄ በእንግሊዝኛ ‹ተርን ዳውን› ይባላል! አንደኛ፣ የሬዲዮ ድምፅ መቀነስ። ሁለተኛ፣ አንሶላ ማጠፍ፤ እዚህ ቤት አንሶላ ካለ። ሦስተኛ፣ ጥያቄን አልቀበልም ማለት፤ እናንተ መሃይሞች አሁን እኔን እንዳደረጋችሁኝ!»

አንዱ ሽማግሌ ኮቱን እየጎተቱ «አንተ ሰውዬ፣ እሺ እያሉህ እኮ ነው!» አሉት።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ጸደንያ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ሳምንት ምን ያስጠብቃል?»

ሚሳኤል ፈገግ ብሎ ከረባቱን አስተካከለ።

«ሦስተኛውን ትርጉም ዛሬውኑ ይዞ ይሂድ» አለች።

እሱ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው ዶሮ በሉ። እሺ፣ ዶሮውን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ሽሮ ነበር።